መሪ መጨበጥ አማና መጨበጥ ነው

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ መስጊድ በረንዳ ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጠን ሳለ አንድ ወጣት መጥቶ ከጎናችን ዐረፍ አለ። ከዓመታት በፊት በመድረሳ ያስቀራነው ልጅ ነው። ከጃኬቱ ውስጥ ጠርዙ የተበላ የጥያቄና መልስ ጥራዝ አወጣና «ኡስታዝ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ልቀመጥ ነው፤ እንደ ድሮው ያዳምጡኝ» አለን። በልጅነቱ ሙስሐፉን ዘግቶ ሱራ ያሰማን እንደነበረው ሁሉ ጥራዙን ሰጠንና ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ጥያቄውን አንብበን ሳንጨርስ «ሐ ነው»፣ «መ ነው» እያለ መልሱን ያስከትላል። አንድም አልሳተ።

ጥራዙን አጠፍንና ከራሳችን አንድ ጥያቄ ጠየቅነው። «ሰው ጭነህ ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ትወርዳለህ እንበል። ጉም ወርዷል፤ አስፋልቱ ርሷል። ከፊትህ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ የተጠማዘዘ ቀስት አየህ። ያን ጊዜ እግርህ ምን ይሠራል? እጅህስ?» አልነው። ጥቂት አሰበና «ኡስታዝ፣ ይሄ ከጥራዙ ውስጥ የለም» አለን።

ቆይቶም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የመጣበትን ዋና ጉዳይ ነገረን። ገንዘብ ከተሰጠው የተግባር ፈተናውን «አሳልፍሃለሁ» የሚል ሰው አግኝቷል። ይህ ሐላል ይሁን ሐራም ሊጠይቀን ፈልጎ ኖሯል።

ውድ አንባቢያን! ይህ ጥያቄ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በየከተማው ባጃጅ፣ ሚኒባስ ወይም የጭነት መኪና ይዞ ቤተሰቡን ለመርዳት የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው። ምኞቱ የሚያስመሰግን ነው፤ በላብ የሚገኝ ሐላል ሲሳይ ክብር አለውና። ነገር ግን መንጃ ፈቃዱን እንደ አንድ ተራ ወረቀት፣ የመንገድ ሥነ ሥርዓቱንም ከፈተና በኋላ እንደሚረሳ ትምህርት ካየነው በአላህም በሰውም ዘንድ የሚያስጠይቅ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከዲናችንም ከመንገዳችንም አንጻር ለማየት እንሞክራለን።

ፈቃድ ወይስ ብቃት?

ሕዝባችን ወረቀቱን «መንጃ ፈቃድ» ብሎ ይጠራዋል። በ2010 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ግን ስሙን «የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ» ይለዋል። በመካከሉ ያለችው «ብቃት» የምትለው ቃል የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ናት። መንግሥት ለአንድ ሰው ይህን ወረቀት ሲሰጥ «ይህ ሰው ሌላውን ሳይጎዳ መንዳት ይችላል» ብሎ ለሕዝብ መመስከሩ ነው። ሠልጣኙ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት ወስዶ በጽሑፍም በተግባርም የሚፈተነው ምስክርነቱ እውነተኛ እንዲሆን ነው። በሸሪዓ የምስክርነት ክብደት ምን ያህል እንደሆነ ለሙስሊም አንባቢ መንገር አያስፈልግም።

አንዳንድ ሰው «የትራፊክ ሕግ የመንግሥት ሕግ ነው፤ ከዲን ጋር ምን ያገናኘዋል?» ሲል ይሰማል። ይህን ጥያቄ ዑለሞች አንስተው መክረውበታል። ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ የፊቅህ ሊቃውንት የሚሰባሰቡበት ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1993 በብሩናይ ዋና ከተማ ባደረገው ስምንተኛ ጉባኤው የትራፊክ አደጋን የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔ ቁጥር 71 ከሸሪዓ ጋር የማይቃረኑ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር በሸሪዓ ግዴታ መሆኑን፣ አሽከርካሪም በመኪናው በሌላው ሰው አካል ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት በመሠረቱ ተጠያቂ መሆኑን ገልጿል። ከዚህ ተጠያቂነት ነፃ የሚሆንባቸው ሁኔታዎችም አሉ፤ ሊመልሰው የማይችለው ኃይል ሲገጥመው ወይም ጥፋቱ የተጎጂው ሲሆን የመሳሰሉት ናቸው።

ከዚህም በላይ ልብን የሚያስደነግጥ ጉዳይ አለ። ቁርኣን በሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ ነፍስን በስሕተት ያጠፋ ሰው የሚወድቅበትን ግዴታ ይደነግጋል። አንደኛው ለሟች ቤተሰብ የሚከፈለው የደም ካሳ (ዲያ) ነው፤ ቤተሰቡ ይቅር ካለ ይቀራል። ሁለተኛው ከፋራ ነው፤ ይኸውም ባሪያ ነፃ ማውጣት፣ ያ ካልተቻለም ሁለት ወር በተከታታይ መጾም ነው። በአገራችን አደጋ ሲደርስ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ዕርቅ ይወርዳል፤ መድን ድርጅትም ይከፍላል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ቢያስታርቅም፣ ቤተሰብ ይቅር ቢልም፣ መድን ቢከፍልም፣ ከፋራው በአላህና በባሪያው መካከል የሚቀር ዕዳ ነው። በግድ የለሽነቱ ሰው የገደለ አሽከርካሪ ከፍርድ ቤት ሲወጣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል፤ የስልሳ ቀን ጾም እንደሚጠብቀው የነገረው ሰው ግን ላይኖር ይችላል። ዝርዝሩን በአካባቢው ካሉ ዑለሞች መጠየቅ ይገባል።

የሙስሐፍ ምልክትና የመንገድ ምልክት

ለዚያ ወጣት የመንገድ ምልክቶችን ስናስረዳው የቀረበልን ምሳሌ ራሱ በልጅነቱ የተማረው ተጅዊድ ነበር። ሙስሐፍ የቀራ ሰው ከአንቀጾቹ መስመር በላይ የተጻፉትን ትናንሽ ፊደላት ያውቃቸዋል። ሚም ባለበት ማቆም ግድ ነው፤ ላ ባለበት አይቆምም፤ ጂም ባለበት ማቆምም ማለፍም ይቻላል። እነዚህን ምልክቶች የማያከብር ቃሪእ የአላህን ቃል ትርጉም ሊያዛባ ይችላል። ስለዚህ ኡስታዙ ልጁን ምልክቱን ብቻ ሳይሆን የምልክቱን ምክንያት ያስተምረዋል።

የመንገድ ምልክትም እንዲሁ ቋንቋ አለው። ቀይ ጠርዝ ያለው ሦስት ማዕዘን «ተጠንቀቅ፤ ከፊትህ ነገር አለ» ይላል። ቀይ ክብ ይከለክላል። ሦስት ማዕዘኑ ተገልብጦ ጫፉ ወደ ታች ሲሆን «ለሌላው ቅድሚያ ስጥ» ማለት ነው። ስምንት ማዕዘን ያለውና «ቁም» የተጻፈበት ደግሞ የመንገዱ ሚም ነው፤ መንገዱ ጭር ያለ ቢሆን እንኳ ጎማ ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። የ«ቁም» ምልክት ቅርጽ ከሌሎቹ ሁሉ የተለየው ፊቱ በጭቃ ቢሸፈን፣ ወይም አሽከርካሪው በጀርባው በኩል ቢያየው እንኳ እንዲለየው ነው።

ሥርዓት ማለት ሁሉም በአንድ ላይ ሲይዘው የሚሠራ ነገር ነው። አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም ድረስ በግራ ትነዳ ነበር። በዚያ ዓመት ሰኔ 1 ቀን ግን አሽከርካሪው በሙሉ ወደ ቀኝ ተሻገረ። በቀኝ መንዳት በራሱ ከግራ የተሻለ ሆኖ አይደለም፤ ጥቅሙ ሁላችንም በአንድ ላይ መስማማታችን ነው። በዚያን ዕለት አንድ ሰው «እኔ የለመድኩት ግራ ነው» ብሎ ቢወጣ ምን ይከተል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬም ጠመዝማዛ ላይ ደርቦ የሚያልፍ አሽከርካሪ ያንኑ ማድረጉ ነው።

የእኛ መንገድ ምን ይጠይቃል?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በፎገራ ሜዳ ጫፍ ያለችው ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ አሽከርካሪው በ40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። በምሥራቅ በኩል በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፈው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ ግርጌ ይጓዛል። ብርዱ፣ ጉሙና ነፋሱ የታወቀ ነው። በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው የወረታ ወልድያ መንገድ ከገደልና ከጠመዝማዛ ጋር የተላመደ መንገድ ነው።

የዚህ አገር ሰው የቁልቁለትን ነገር ከጥንት ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በ1860 ዓ.ም ወደ መቅደላ ሲያስጉዙ መንገድ እየተቆረጠ፣ ሰው በጉልበቱ እየጎተተ ወራት ፈጅቷል። ዳገቱን መጎተት ብቻ ሳይሆን ቁልቁለቱን ወደ ኋላ ይዞ ማውረድም ትልቅ ድካም ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደሪታ እየተነሡ በሲራራ ይጓዙ የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎችም ጭነት ያጋደለበትን አጋሰስ ቁልቁለት ላይ መንዳት ምን እንደሚያስከትል አይጠፋቸውም ነበር።

ዛሬ ያንን ወደ ኋላ የመያዝ ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ነው። ነባር ሹፌሮች ለጀማሪ የሚነግሩት አንድ ደንብ አለ፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ ይላሉ። በከባድ ማርሽ ሲወረድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል፤ ፍሬኑም ያርፋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ የሚወርድ አሽከርካሪ ግን ክብደቱን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይጥለዋል። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ያን ጊዜ እግር ቢረግጥም መኪናው አይሰማም። «ፍሬን እምቢ አለ» ተብሎ ከሚነገረው አደጋ ውስጥ ሹፌሩ ራሱ ከተራራው አናት ጀምሮ ያዘጋጀው ይኖርበታል።

ጉም ሲወርድ ረጅም መብራት ማብራት ጉሙን እንደ ነጭ ግድግዳ መልሶ ዓይን ላይ ያንጸባርቀዋል፤ የሚሻለው አጭሩ መብራት ነው። በጠባብ ዳገት ላይ ሁለት መኪና ሲገናኝ የሚወርደው ለሚወጣው መንገድ ይለቃል። በገበያ ቀን ደግሞ መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም፤ አህያ፣ በግ፣ ጋሪ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ይጋሩታል። ክላክስ ሲነፋ አህያ ወደየት እንደሚዞር አህያው ራሱም አያውቀው። ስለዚህ ክላክስ ከመንፋት በፊት ፍጥነት መቀነስ ይቀድማል።

በመንገድ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ለመንገዱ ሐቁን እንዲሰጡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዝዘዋል፤ ከሐቆቹም አንዱ ሰውን ከማስቸገር መታቀብ ነው። ጎጂ ነገርን ከመንገድ ማስወገድንም ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። የእሾህ ቅርንጫፍ ከመንገድ ስላነሳ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክም በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ እናገኘዋለን። እሾህ ማንሳት ይህን ያህል ከተወደደ፣ ጎማ ለመቀየር መኪናው ሥር ያስደገፈውን ድንጋይ አስፋልት መሐል ጥሎ የሚሄድ ሹፌር ምን ሊባል ነው?

የፍጥነት ስሌት

መምህር ነንና ለወጣቱ ጥቂት ሒሳብ ሠራንለት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ያህል ይሄዳል። አደጋ አይቶ እግርን ወደ ፍሬን ለማንሳት አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ ከዚያም በደረቅ አስፋልት ለመቆም ሌላ 14 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ድምሩ 28 ሜትር ነው። ፍጥነቱ 80 ሲሆን ግን 22 ሜትር ሳይያዝ ያልፋል፤ ለመቆም ደግሞ 35 ሜትር ያህል ይፈጃል። ድምሩ 57 ሜትር፣ ማለትም ከእጥፍ በላይ ሆነ። በረጠበ አስፋልት ፍሬኑ የሚፈጀው ርቀት በእጥፍ ሊጨምር ስለሚችል 80 ላይ ያለ መኪና ለመቆም ከ90 ሜትር በላይ ሊወስድ ነው። ይህም የኳስ ሜዳን ርዝመት ሊያክል ጥቂት ብቻ ይቀረዋል። በጉም ውስጥ 30 ሜትር ብቻ እያየ 80 የሚነዳ ሰው የሚነዳው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ማለት ነው።

ትርፉስ ምን ያህል ነው? 40 ኪሎ ሜትርን በ60 ፍጥነት የሄደ በ40 ደቂቃ ይደርሳል፤ በ80 የሄደ ደግሞ በ30 ደቂቃ። ልዩነቱ 10 ደቂቃ ነው። አንድ ሻይ ቀርቦ እስኪጠጣ ለሚያልፍ ጊዜ የመንገደኛውን ሁሉ ነፍስ ማስያዝ ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በመሰናበቻው ሐጅ ከዐረፋ ወደ ሙዝደሊፋ ሲጓዙ ከኋላቸው ግመሎች በኃይል ሲነዱ ሰምተው ሰዉ እንዲረጋጋ፣ መልካም ሥራ በማጣደፍ እንዳልሆነ አስገንዝበዋል። እርሳቸውም ሕዝብ በበዛበት ቦታ በዝግታ፣ ክፍት ቦታ ሲያገኙ ፈጠን እያሉ መጓዛቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። እንግዲህ ፍጥነትን እንደ መንገዱ ሁኔታ ማመጣጠን ሱና ነው ማለት ነው። አንጀሻ የተባለውን ግመል ነጂም ሴቶችን ይዞ ሲሄድ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ናቸውና በእርጋታ እንዲነዳ ነግረውታል። ሚኒባስ ሙሉ እናትና ሕፃን የጫነ ወጣት ይህን ሐዲስ በልቡ ሊይዘው ይገባል።

«ቀደር ነው» ስለሚባለው

አደጋ በደረሰ ቁጥር «ቀደር ነው፤ የአላህ ውሳኔ ነው» ሲባል እንሰማለን። በቀደር ማመን ከኢማን ማዕዘናት አንዱ ነው፤ ሐዘንተኛም ይጽናናበታል። ይሁን እንጂ ሐዘንተኛው የሚጽናናበትን ቃል አጥፊው መሸሸጊያ ሲያደርገው ያስተዛዝባል። ግመሉን ሳያስር በአላህ መመካት ይችል እንደሆነ ለጠየቀው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰጡት መልስ በመጀመሪያ እንዲያስረው፣ ከዚያም እንዲመካ ነበር። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራህ 195ኛው አንቀጽ ላይ ራሳችንን በገዛ እጃችን ወደ ጥፋት ከመጣል ይከለክለናል። የደህንነት ቀበቶ ማሰር፣ በሞተር ሳይክል ላይ የራስ ቁር ማድረግ፣ ከጉዞ በፊት ፍሬንና ጎማ ማየት የዛሬው ግመል ማሰር ነው። የጉዞ ዱዓ አድርጎ ስልክ እያወራ የሚነዳ፣ ወይም ሌሊቱን ጫት ሲቅም አድሮ እንቅልፍ በተጫነው ዓይን መሪ የሚጨብጥ ሰው ግመሉን ፈትቶ ለቆ ጌታዬ ይጠብቅልኝ እንዳለ ነው የሚቆጠረው።

የነገሩን ስፋት ለመረዳት የዓለም የጤና ድርጅትን ዘገባ ማየት ይበቃል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ እንደሚሞት ገልጿል። ይህም በቀን ከ3,200 ሰው በላይ ነው። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሁሉ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። በመድረሳና በትምህርት ቤት ወንበር ላይ ያሉት ልጆቻችን ማለት ናቸው።

የተገዛ ወረቀት

ወደ ወጣቱ ጥያቄ እንመለስ። ጉቦ ሰጪም ተቀባይም የተረገሙ መሆናቸው በሐዲስ የታወቀ ነው። ያታለለ ሰው ከሙስሊሞች መንገድ የወጣ መሆኑም እንዲሁ። እህሉን ከላይ ደረቅ ከታች እርጥብ አድርጎ በገበያ ያቀረበው ሰው የተወቀሰው ገዢን ስላታለለ ነው። ሳይችል «እችላለሁ» የሚል ወረቀት የገዛ ሰው ደግሞ የሚያታልለው ልጇን አቅፋ መኪናው ውስጥ የምትገባውን እናት ነው። እርሷ ወረቀቱን አምና ነው የተሳፈረችው።

ለወጣቱ ይህንኑ ነገርነው። «ታዲያ ብወድቅስ ኡስታዝ? ገንዘብ ተበድሬ ነው የተማርኩት» አለን። ችግሩ እውነት ነው። የሥልጠና ወጪ ለድኻ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ሆኖም ዕዳ ተሠርቶ ይከፈላል፤ የሰው ነፍስ ግን በምን ይከፈላል?

ከቤተሰብ ምን ይጠበቃል?

አባቶች ሆይ! ዕድሜው ላልደረሰ ልጅ የባጃጅ ቁልፍ መስጠት ፍቅር አይደለም፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሕጉም ፈቃድ አይሰጥም። እናቶች ሆይ! ልጆቻችሁ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ሲሄዱ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዘው ፊት ለፊት የሚመጣውን መኪና እያዩ እንዲሄዱ አስተምሯቸው። ተሳፋሪዎችም ከኃላፊነት ነፃ አይደለንም። ለዒድ ወይም ለሠርግ ለመድረስ «ኧረ ንካው፣ ፈጠን በል» የምንለው እኛው ነን። አሽከርካሪው ሲበር ዝም የምንለውም እኛው ነን። በለሰለሰ ቃል «ወንድም፣ ቀስ በልልን፤ ቤተሰብ ይጠብቀናል» ማለት በመልካም ማዘዝ ነው። መሪ የጨበጣችሁ ወጣቶችም ጥራዙን ስትሸመድዱ በእያንዳንዱ መልስ ላይ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ጥያቄው ቢለወጥበትም አይጠፋውም።

ያ ወጣት ገንዘቡን ሳይሰጥ ተፈተነ። የጽሑፉን አለፈ። በተግባሩ ግን ዳገት ላይ አቁሞ ሲነሳ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተበትና ወደቀ። አፍሮ ቤቱ ሲገባ እናቱ «አልሐምዱሊላህ ልጄ፤ ፈተና መውደቅ ገደል ከመውደቅ ይሻላል» አሉት። ይህን የነገረን እርሱ ራሱ ነው። አሁን ከሥራው በተረፈው ጊዜ ያቺኑ ዳገት ላይ መነሳት እየተለማመደ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ የእጅ ፍሬኑን በጊዜው ማውረድ። በሚቀጥለው ሲፈተን እንደሚያልፍ ተስፋ አለን። ቢያልፍ ደግሞ በእርሱ መኪና ለመሳፈር አንሰጋም።

አላህ (ሱ.ወ) መንገደኞቻችንን በሰላም ለየቤታቸው ያብቃ፤ መሪ ለጨበጡ ልጆቻችን ማስተዋልና እርጋታን ይስጥ፤ በመንገድ ላይ ወገን ያጡትንም ያጽናና። አሚን።